የሳሌም ሳህን

ባለፈው ግንቦት ለሥራ ወደ ባምባሲ ስሄድ በአሶሳ መናኸሪያ ያገኘኋቸውን ሰው ነገር በልቤ ይዤው ብቀር ቅር ይለኛል። እኔ የገነተ ማርያም ከተማ ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት እዚያው መተከል ነው። አሁን ኑሮዬን አሶሳ አድርጌ የትምህርት ቤቶችን ሥራ እየዞርኩ እከታተላለሁ። ከሰው ጋር ማውራት እወዳለሁ፤ ሲጮሁብኝ ግን ቶሎ ይከፋኛል። በዚያን ጠዋት ነገሩ የጀመረው ገና ሚኒባሱ ውስጥ ተደላድዬ ሳልቀመጥ ነው።

ከጎኔ የተቀመጡት ሰው ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ የኮታቸውን ቁልፍ በዚያ ሙቀት እስከ ላይ የቆለፉ፣ በጉልበታቸው ላይ ትልቅ ካርቶን የታቀፉ ነበሩ። በመስኮቱ በኩል አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። ሰውዬው ዞር ብለው አዩኝና፣

«እህቴ፣ ድነሻል ወይ?» አሉኝ።

«እንደምን አደሩ አባቴ» አልኳቸው።

«እሱን ተይው። ዛሬ ብትሞቺ ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«እኔማ ዛሬ የምሄደው ባምባሲ ነው።»

«ቀልድ አይደለም! ሞት ድንገት ነው። ይሄ መኪና ራሱ እዚያ ጠመዝማዛው ላይ ቢገለበጥ…»

ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይሰማቸው ኖሮ፣ «ኧረ አባባ፣ በመኪናችን አያሟርቱብን! ጎማውን ገና ትናንት ነው የቀየርነው» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደግሁ፣ ጾሜንና ጸሎቴን የማውቅ ሴት ነኝ። ስለ ክርስቶስ ሊያጫውቱኝ ቢፈልጉ ደስ ብሎኝ እሰማቸው ነበር። ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ ሲኦል ሲያስገቡኝ ግን ደሜ ፈላ። ቦታ ልቀይር ተነሥቼ ሳለ ወጣቷ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልን እህቴ» አለች ቀስ ብላ። «ኤሱማ ክፉ ሰው አይደሉም። እንዲያውም ሲበዛ ደግ ናቸው። አፋቸው ነው ልባቸውን የማይመስለው።»

«ጋዲሴ! በሰው ፊት?» አሉ ሰውዬው።

«እርስዎም እኮ በሰው ፊት ነው የጠየቋቸው።»

በኦሮምኛ የእናት ወንድም ኤሱማ ይባላል። ጋዲሴ የእኅታቸው ልጅ ናት፤ ጤና ተምራ ባምባሲ አካባቢ በየመንደሩ እየዞረች ታስተምራለች። እሳቸው አቶ ቀጄላ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ከወለጋ መጥተው ባምባሲ የቀሩ፣ እህልና ማር የሚነግዱ፣ በማኅበረ ምእመናናቸው ዘንድ ሽማግሌ ሆነው የተመረጡ ሰው ናቸው። መኪናው ተነሥቶ ከከተማው ከወጣ በኋላ እኔም ልቤ ትንሽ ረገበና የትምህርት ቤት ሰው መሆኔን ነግሬ በካርቶኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ሜጋፎን ነው» አሉና ፊታቸው በራ። «ለወንጌል። ለጎረቤቴ።»

«ለጎረቤትዎ?» አልኩ። «ቤቱ ሩቅ ነው እንዴ?»

«አጥር ነው የሚለየን። ግን ጆሮውን ደፍኖብኛል። ዐወድ ይባላል፤ የበርታ ሰው ነው፤ ሙስሊም። በፊት ወንድሜ ነበር። አሁን እኔ ስናገር ወደ ቤቱ ይገባል። እንግዲህ በዚህ እቤቱ ድረስ ይሰማኛል። ስለ እውነት መሰደድ ያለ ነው።»

ጋዲሴ ራሷን ነቀነቀች። «ኤሱማ፣ ማን አሳደደዎት? የሳህኑን ነገር ይንገሯቸውና እሳቸው ይፍረዱ።»

«እነግራታለሁ! ምን አፍራለሁ?»

ነገሩን የነገሩኝ ግን እየተቀባበሉ ነው። የአቶ ቀጄላና የዐወድ ቤት ጀርባ ለጀርባ ነው። መካከላቸው የቀርከሃ አጥር አለ፤ በአጥሩ ላይ ደግሞ ሁለቱ ወጣት ሳሉ ራሳቸው የተዉት ጠባብ መተላለፊያ አለ። በበዓል ቀን በዚያ በኩል ሳህን ይመላለሳል። በገና ከቀጄላ ቤት ማርና ጨጨብሳ ይሄዳል፤ በዒድ ከዐወድ ቤት የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ ይመጣል። ሁለቱ ቤቶች አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም። ስለዚህ የዐወድ ሚስት ሳሌም በዒድ ዋዜማ ሥጋ ያልነካው ድስት ለብቻው ትጥዳለች፤ የክርስቲያኖቹ ድስት ነው። የመጣው ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ ትንሽም ብትሆን አንድ ነገር ይደረግበታል። ይህ በአገራችን ማንም ሳይነገረው የሚያውቀው የጉርብትና ወግ ነው።

«ባለፈው ዒድ» አለች ጋዲሴ፣ «ሳሌም እንደ ወትሮዋ ላከች። ኤሱማ ሳህኑ ላይ ምን አድርገው መለሱ መሰለዎት? ወረቀት! ከሌላ አገር የመጣ ሰባኪ ያደላትን ወረቀት። ርእሷ ‹የእሳቱ ባሕር ይጠብቅሃል› ይላል።»

«የነፍስ ምግብ ነው!» አሉ አቶ ቀጄላ። «ከማር አይበልጥም?»

«ገንፎውንስ ምን አደረጋችሁት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በላነው» አሉ። «ጣፍጦ ነበር።»

ሳቄን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ውጭ የማንጎ ዛፎች ፍሬያቸው ከብዷቸው ጎንበስ ብለዋል፤ ልጆች በባልዲ ሞልተው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ለሰው እምነት ተጠንቅቃ የተለየ ድስት ጥዳ፣ በልተው ሲያበቁ እሳት ይጠብቅሻል ተብላ ሳህኗን መቀበሏ በዓይነ ሕሊናዬ መጣና ሳቄ ጠፋ።

«አቶ ቀጄላ» አልኳቸው፣ «እውነቱን ልንገርዎት? እኔ ብሆን ሳህኔን ዳግመኛ አልክም ነበር።»

«እሷም አላከችም። ዐወድም በመተላለፊያው አልመጣም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ግን መምህርት፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ ፍረጂ። ሰው ቤቱ ሲቃጠል ብታዪ ‹እንደምን ዋልክ› ብለሽ ትጀምሪያለሽ? ትጮኺያለሽ እንጂ! እኔ ዐወድን እወደዋለሁ። ሰማይ ቤት ብገባ ራሱ፣ እሱ ከሌለበት ዙሪያዬን የምፈልገው እሱን ነው። ይሄ እንቅልፍ ይነሳኛል። ታዲያ ዝም ልበል? ሰው እንዳይቀየመኝ ብዬ የማምነውን ልዋጥ?»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያን ጊዜ ነው በሰውዬው የነበረኝ ቂም የለቀቀኝ። ጩኸታቸው ከጥላቻ የመጣ አልነበረም፤ የሚወዱትን እንዳያጡ ከመፍራት ነው። ግን ይህንን ከእኔና ከጋዲሴ በቀር የሰማ የለም።

«ዝም ይበሉ ያለዎት የለም» አለች ጋዲሴ። «እኔም አምናለሁ፤ እኔም እናገራለሁ። ግን እስቲ ልጠይቅዎት። አሁን ያሉትን፣ እወደዋለሁ ያሉትን፣ ለዐወድ ነግረውት ያውቃሉ?»

«አንቺ ልጅ! ወንድ ለወንድ እንዲህ ይባባላል?»

«እሺ ይሁን። ምስክርነትዎን በቤተ ክርስቲያን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ። በወባ ተይዤ ገበያ መሀል ወደቅሁ፤ አንድ ሰው አነሣኝ፤ በሞትና በሕይወት መካከል ሆኜ ጌታን ጠራሁት፤ እሱም ሰማኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የእሱ ነኝ ይላሉ። ያ አንድ ሰው ማን ነበር?»

አቶ ቀጄላ ካርቶኑን በጣታቸው ይነካኩ ጀመር።

«ዐወድ ነው» አሉ። «ዘመድ የለኝ፣ አማርኛም በቅጡ አልችል። በአህያ ጭኖ እናቱ ቤት ወሰደኝ። አሮጊቷ አጥሚት በማንኪያ ታጠጣኝ ነበር። በቋንቋዋ ስትጸልይልኝ እሰማት ነበር። ጌታን የጠራሁት በዚያ ቤት፣ በእሷ ምንጣፍ ላይ ተኝቼ ነው።»

«ታዲያ ዐወድ ይህንን ምስክርነት ሰምቶት ያውቃል?»

አቶ ቀጄላ ወደ መንገዱ አዩ።

«በዚያ ምንጣፍ ላይ ጌታን እንዳገኙት ያውቃል? ስለ እሱና ስለ እናቱ እግዚአብሔርን እንደሚያመሰግኑ ያውቃል?»

«…አላውቅም። ነግሬው አላውቅም።»

«እግዚአብሔር ለእርስዎ ያደረገውን አንድ ቀን ሳይነግሩት፣ በእሱ ላይ ሊያደርግበት ነው የሚሉትን ግን በሳህን ላኩለት» አለች ጋዲሴ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «ኤሱማ፣ ጌታ በዚያ በጉድጓዱ ዳር ከሳምራዊቷ ሴት ጋር ሲገናኝ በምን ጀመረ?»

«ስለ ሕይወት ውኃ ነገራት።»

«ከዚያ በፊት።»

አቶ ቀጄላ አሰቡ። መጽሐፋቸውን አብጠርጥረው የሚያውቁ ሰው ናቸው። «ውኃ አጠጪኝ አላት» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ። ለመናት። አይሁዳዊ ከሳምራዊ ዕቃ በማይጠጣበት ዘመን የእሷን መቅጃ አልናቀም። ኃጢአቷን ያውቅ ነበር፤ አልደበቃትምም። ግን እውነቱን የነገራት ከፊቷ ተቀምጦ ነው። እርስዎ ግን ከአጥር ማዶ በሜጋፎን ሊነግሩት ነው።»

እኔም ጣልቃ ገባሁ። «እኔን ዛሬ በሰላምታ ጀምረው የወባውን ታሪክ ቢነግሩኝ ኖሮ፣ ቦታ ልቀይር አልነሳም ነበር» አልኳቸው።

አቶ ቀጄላ ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ አልነበሩም። ወጣት ሁሉን ነገር ያለሰልሳል፣ ዘመኑ እውነትን ፈርቷል፣ በፊት የነበሩ ወንጌላውያን እንዲህ አይግደረደሩም ነበር እያሉ እስከ ባምባሲ መዳረሻ ድረስ ተከራከሩን። በመጨረሻ ጋዲሴ፣ «እንግዲያው የቀረውን ልንገርዎት» አለች። «ዐወድ ቀርከሃ አስቆርጦ ጓሮው ውስጥ ከምሯል። ክረምት ሳይገባ አጥሩን ሊያድስ ነው። መተላለፊያውንም ሊደፍነው ነው። ሳሌም ትናንት ወደ አሶሳ ከመነሣታችን በፊት እያለቀሰች ነገረችኝ።»

አቶ ቀጄላ ረዳቱ ወራጅ እስኪል ድረስ ከካርቶኑ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

መኪናው ሲቆም ቤታቸው ምሳ ካልበላሽ ብለው ያዙኝ፤ ከባምባሲ ሰው እጅ በቀላሉ ማምለጥ የለም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰንበቴ በር ላይ ተቀበሉን። አቶ ቀጄላ ካርቶኑን ጥግ አስቀመጡና፣ «ሰንበቴ፣ ጨጨብሳ ሥሪ» አሉ።

«ለእንግዳዋ?»

«ለእሷም። ለ… ለማዶም። ማር ጨምሪበት።»

ወይዘሮ ሰንበቴ ባላቸውን ትክ ብለው አዩ፤ ከዚያ ወደ ሰማይ ቀና ብለው «ተመስገን!» አሉ። ለካ እሳቸውና ሳሌም በአጥሩ ቀዳዳ ሲጨዋወቱ፣ ባሎቻቸው ሲመጡ ሲበተኑ ነው የከረሙት። ዱቄቱ ሲለወስ ያየሁት ፍጥነት፣ ነገሩን ሲጠብቁት እንደኖሩ ይመሰክራል።

ሳህኑን አቶ ቀጄላ ራሳቸው ያዙት። መተላለፊያው ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ማንም አልዘጋውም፤ ግን ማንም ስለማያልፍበት ሣር በቅሎበታል። ከማዶ የተከመረው ቀርከሃ ይታያል።

«መምህርት፣ አንቺም ነይ» አሉኝ። «ጋዲሴም ነይ። ብቻዬን እግሬ እንቢ አለኝ።»

ዐወድ ከማንጎው ሥር ተቀምጦ ገጀራ ይስል ነበር። ረዥም፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ ነው፤ አማርኛውን ያገኘው በገበያ ነው፤ ሴቱንም እንደ ወንድ ይጠራል። ሲያየን ተነሣ፤ ግን ወደ እኛ አልመጣም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ዐወድ» አሉ አቶ ቀጄላ።

«ወአለይኩም ሰላም።» ዓይኑ ሳህኑ ላይ ነው። «ዛሬ በዓል ነው እንዴ?»

«አይደለም። ሳህን ልመልስ ነው የመጣሁት። ያን ጊዜ ባዶውን ነው የመለስኩት።»

ሳሌም ከቤት ወጣች። ጨጨብሳውን ተቀበለችና ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ በእጇ የታጠፈች ወረቀት ይዛለች። የእሳቱ ባሕር ወረቀት ነበረች፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ነው ያኖረቻት።

«ሳሌም አልጣለም» አለ ዐወድ። «የፈጣሪ ስም አለበት፤ እንዴት ይጣላል? አማርኛ ማንበብ ለእኔ ከባድ ነው። ርእሱን ብቻ አነበብኩ። የውስጡን ልጆቼ እንዲያነቡ አልፈለግሁም፤ ወላሂ፣ አንተን እንዲጠሉ አልፈለግሁም። አሁን አንተ መጣህ። አንተ አንብብልኝ።»

አቶ ቀጄላ ወረቀቷን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። «አንተ በጨለማ ያለህ፣ አንተ የጥፋት…» አሉና ቆሙ። ቀና ብለው ዐወድን አዩት። ወረቀቷን እንደነበረች አጠፏት።

«ይህንን የጻፈው ሰው አያውቅህም» አሉ። «እኔ ግን አውቅሃለሁ። እኔ እያወቅሁህ ነው የላክሁልህ። ይቅር በለኝ። ወረቀቱን ተወውና እኔ ራሴ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ድሮ ልነግርህ የሚገባኝን።»

ከዚያ በዚያ ማንጎ ሥር ስለ ወባው፣ ስለ አህያው፣ ስለ አጥሚቱ ነገሩት። በእናቱ ምንጣፍ ላይ ተኝተው ክርስቶስን እንደጠሩት፣ እንደሰማቸው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልባቸው ያረፈው በእሱ እንደሆነ ነገሩት። «እኔ በእሱ አምኜ ሰላም አግኝቻለሁ። አንተም ይህንን ሰላም ብታገኘው ምኞቴ ነው፤ አልደብቅህም። ካልፈለግህም ወንድሜ ነህ። በየቀኑ ስጸልይ መጀመሪያ የማመሰግነው ስለ አንተና ስለ እናትህ ነው። ይህን አንድ ቀን ሳልነግርህ ሸበትን» አሉ። ሲጨርሱ ያለቅሱ ነበር፤ ወይዘሮ ሰንበቴም በመተላለፊያው ቆመው በነጠላቸው ዓይናቸውን ያብሳሉ።

«እናቴ» አለ ዐወድ ገጀራውን አስቀምጦ፣ «ያኔ ሌሊቱን ሁሉ አላህን ለመነ። አንተ ደግሞ ጌታህን ለመንክ። እኔ ብቻ ነኝ ምንም ያልለመንኩት፤ የተዋስኩትን አህያ ለባለቤቱ እንዴት እንደምመልስ ነበር የማስበው።»

ሁላችንም በእንባችን መካከል ሳቅን።

«አሁን የተናገርከው ጥሩ ነው» አለ ዐወድ። «ሃይማኖቴን አልለውጥም፤ ግን ሰማሁህ፤ በልቤ ገባ። ሌላ ቀን መጥተህ ንገረኝ፤ እኔም የእኔን እነግርሃለሁ። ያ ሰንበቴ የነገረን ጡሩንባ ግን አይምጣ!»

«ጡሩንባውን ለጋዲሴ ሰጥቻለሁ» አሉ አቶ ቀጄላ ወዲያው። «ለክትባት ሰው ትጥራበት።» ጋዲሴ ይህን የሰማችው ከእኛ ጋር ነው፤ ግን ዕድሏን ሳታሳልፍ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያን ቀን ያየሁትን የመልካም ቃል ጥቅም ልንገርህ። ቁጡ ቃል አቶ ቀጄላን ከወንድማቸው ለያቸው፤ የሚያምኑትንም ነገር ሰሚ አሳጣው። መልካም ቃል ግን ከእምነታቸው አንዲት ነገር ሳያስቀንሳቸው ያንኑ ሰሚ መለሰላቸው። ሳሌም ያለ ስጋት ድስቷን ትጥዳለች። ልጆቹ በመተላለፊያው ይሮጣሉ። በሽታ ወይም ሐዘን ሲመጣ ሁለቱ ቤቶች አይፈራሩም። እምነቱን ለሌላ ሊያካፍል የሚወድ ሰው ከምስጋና ይጀምር፤ እግዚአብሔር ያደረገለትን ይንገር፤ የሚነግረውንም ሰው ስሙን ይጠይቅ። መስማት የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ።

ሥራዬን ጨርሼ ልመለስ ስል በዚያ ሰፈር አለፍኩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አጥሩን አብረው እየሠሩ ነበር፤ አንዱ ቀርከሃ ይሰነጥቃል፣ ሌላው ያስራል። መተላለፊያውን አልደፈኑትም። ሴቶቹ ሳህን ይዘው ሲያልፉ ጎናቸውን እንዳይነካቸው ከቀድሞው አስፍተውታል።

አቶ ቀጄላ እስከ መኪናው ሸኙኝ። የማንጎ ከረጢት አሸክመውኛል፤ ከሳሌም የተላከ ነው። አጠገቤ ቆሙና፣ ምሳ ላይ በጠየቁኝ ስሜ ጠርተው፣ «የትናየት፣ እንደምን አደርሽ? እናትሽስ ደኅና ናቸው?» አሉኝ። በመጀመሪያው ቀን ያላገኘሁት ሰላምታ ነበረና ልቤ ሞቀ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ናት» አልኳቸው። መኪናው ገና አልሞላም ነበር። በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አልኩና፣ «አቶ ቀጄላ፣ መኪናው እስኪሞላ ድረስ የዚያን የወባውን ቀን ታሪክ እንደገና ይንገሩኝ» አልኳቸው።